ቅሬታ ያለው ሁለት ሽማግሌ ይላክ

ሶስና ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ በረንዳችን ላይ ተቀምጣለች። ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ በጥቅምት ፀሐይ ሲሞቅ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ልጅቷ ታስነጥሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እንደገና ታስነጥሳለች። የመጣችው የባልትና ቤታችንን ዌብሳይት እንደ አዲስ ልትሠራልን ነው። አሮጌው በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ይደራረባል፣ ፎቶዎቹም ደብዝዘዋል፣ ማዘዣው ቦታ ደግሞ ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ያኮርፋል። ከዚህ በላይ መታገሥ ሞኝነት ነው ብዬ ነው የጠራኋት።

«ይቺን ግን አጠፋታለሁ፣ አይደል?» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከገጹ ግርጌ ያለችውን መስመር ጮክ ብላ አነበበች። «ቅሬታ ያለው ሰው ሁለት ሽማግሌ ይላክ። ቤታችን ደብረ ማርቆስ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ የግራዋ አጥር ያለው ነው። በሩ አይዘጋም።» አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። «በዚህ ዘመን ለሽሮ ማን ሽማግሌ ይልካል? ስልክና ኢሜይል እናስገባበት። ለመሆኑ ልኮ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አለ» አልኳት። «አንድ ጊዜ ተልኮብኛል።»

የቀለድኩ መሰላት። እግሯ ከመጣችበት ሰዓት ጀምሮ አላረፈም፤ ተረከዟ የበረንዳውን ሲሚንቶ ይደበድባል። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ እንደምትገባ የነገረችኝ ስሟን ከመንገሯ በፊት ነው። ያንን እግር አውቀዋለሁ። የእኔ እግር ነበር።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ተቀመጥኩ ማለቴ ለወሬ ያህል ነው እንጂ መቀመጥ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ጎሕ ሲቀድ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች መናኸሪያ ውስጥ ክላክስ ሲያሰሙ ነቅቼ፣ ብርድ ልብሴ ውስጥ እንደተጠቀለልኩ በሐሳቤ እሳፈራለሁ። አምበርን አልፋለሁ፣ ደጀን ላይ ብርቱካን እገዛለሁ፣ ዓባይን ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ እወጣለሁ፤ ልክ ጎሃ ጽዮን ስደርስ እናቴ «ተነሽ እንጂ፣ ሽንብራው ይታመስ!» ትለኝና ከዚያ ሁሉ መንገድ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ አተር እየለቀምኩ፣ ኮረሪማ እየፈለፈልኩ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ እየቆምኩ ተረከዜ መሬቱን ይደበድባል። ወንፊት ይዤ ስነፋ እንኳን ከሚገባው በላይ ስለምፈጥን ዱቄቱ ቀሚሴን ያለብሰኛል። እናቴ ታየኝና «ማን እያሳደደሽ ነው?» ትለኛለች። የሚያሳድደኝ ነገር ስም አልነበረውም።

አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ እናቴ ያሳደገችኝ በባልትና ነው። ሥራዋ በከተማው የታወቀ ነበር፤ አሠራሯ ግን ለሰው የሚያስረዱት ዓይነት አልነበረም። አንዲት ሴት መጥታ ሽሮ ስትላት መጀመሪያ «ለማን ነው?» ትላለች። ቤት ውስጥ አራስ አለች? ጨጓራውን የሚያመው አለ? ልጆቹ ጥርስ አብቅለዋል? ባልየው ደጋ ነው ቆላ ያደገው? ይህን ሁሉ ሰምታ ነው ወደ ጓዳ ገብታ የምትመጥነው። አንዱን ከአንዱ ለይታ በከረጢት አስቀምጣ አታውቅም። የቸኮለ ገዢ ተናዶ ሲሄድ ታየዋለች፤ ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለችና አትጠራውም።

የእኔ እቅድ ቀላል ነበር፣ ቢያንስ ለእኔ። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የአዲስ አበባ ልጆች ለበዓል ሲሄዱ ሽሮና በርበሬ ከእኛ ይዘው ይገቡ ነበር። ከዚያ እናቶቻቸው ስልክ ይደውላሉ። ስለዚህ ዌብሳይት እናሠራለን፣ ሰው እዚያ ላይ ያዝዛል፣ እናቴ እዚህ ታዘጋጃለች፣ እኔ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቤት ይዤ ለየሰዉ አደርሳለሁ። ለእናቴ ስነግራት «እናያለን» አለችኝ። በእኛ ቤት «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሰው አለማስቀየሙ ብቻ ነው።

እኔ ግን ዌብሳይቱን በዓይኗ ካየች እሺ ትላለች ብዬ ዳንኤልን አመጣሁት። ዳንኤል ከሐዋሳ የመጣ፣ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል የሚሠራ፣ በትርፍ ሰዓቱ ለሰው ዌብሳይት የሚያዘጋጅ ልጅ ነበር። ረጋ ያለ ነው። ብርዱን አልለመደውም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይመጣል፣ ዓሣ አማረኝ ይላል። እዚሁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ትልቅ ወረቀት ያወጣና ሣጥን ሣጥን ይስላል። ይህ የመጀመሪያው ገጽ ነው፣ ይህ የዕቃዎቹ፣ ይህ «ስለ እኛ» የሚባለው።

«እማማ፣ አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ ምን እንዲያይ ይፈልጋሉ?» አላት።

«መጀመሪያማ ሰላም ይበል» አለች እናቴ።

ዳንኤል እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ቀጥሎ የሽሮውን ዓይነትና የእያንዳንዱን መጠን እንድትነግረው ጠየቃት። «ለማን ነው?» አለችው። «ለማንኛውም ሰው» አላት። «ማንኛውም ሰው የሚባል ሰው አላውቅም ልጄ» ብላው ወደ ሽንብራዋ ተመለሰች። «ስለ እኛ» የሚለው ሣጥን ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ባሰ። የእርስዎ ሽሮ ከሌላው በምን ይበልጣል ሲላት በድንጋጤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እንዴ! የሰው ሽሮ ልስደብ? ኧረ በራሴ አፍ ራሴን ላወድስ? ጎረቤት ቢያየው ምን እላለሁ?»

በመጣ ቁጥር ወረቀቱ ሣጥኖቹ ባዶ እንደሆኑ ተጠቅልሎ ይመለሳል። እኔ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ ውኃ አመጣለሁ፣ ሳይጠጣ እወስደዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ዳንኤል በመጣ ቁጥር አንድ የምትዋሰው ነገር አታጣም። ጨው፣ መርፌ፣ አንዴማ ያዋሰችንን ወንፊት መልሳ ተዋሰች። ዳንኤልን ከእግር እስከ ራሱ አይታ ትወጣለች። እናቴ በበኩሏ ዌብሳይቱን ትታ ልጁን ነበር የምትጠይቀው። እናት አባትህ አሉ? እዚህ ዘመድ አለህ? «ማንም የለኝም እማማ» ሲላት በሐዘኔታ ትተነፍስና አንድ እንጀራ ትጨምርለታለች።

አንድ ቀን በር ድረስ ስሸኘው ትዕግሥቴ አለቀ። «ብቻህን ስትመጣ ልጅ ነው ብላ ነው የማትሰማህ» አልኩት። «እናቴ የምታምነው በሰው ነው። እሁድ ትልልቅ ሰዎች ይዘህ ና።»

«አከራዬ ጋሽ ሙላት አሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።»

«በጣም ጥሩ! ሌላስ?»

«ፎቶ አንሺውን ለማንኛውም ላመጣው ነበር። እሱም ሽበታም ነው።»

«በቃ ሁለቱን ይዘህ ና። ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ኮት ልበሱ!»

ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ጥቅምት ወደ ማለቁ ነው፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ የጥር ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ ነገሩን የሚጨርሰው በዚያ ሰሞን ነው። ወጣት ወንድ ኮት ለብሶ፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች አስቀድሞ፣ እሁድ ረፋድ ላይ ያላገባች ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ሲመጣ በአገራችን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ይህን በሰፈራችን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አውቶቡስ ብቻ ነው።

እናቴ በርበሬ ስትነፋ ጠብቄ ነገርኳት። «እማዬ፣ ዳንኤል እሁድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዞ ይመጣል።»

ወንፊቱ ቆመ። «እሁድ?» አለች።

«አዎ። ጋሽ ሙላት የሚባሉ አስተማሪ አሉ።»

«አውቃቸዋለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው።» ወንፊቱን አስቀመጠችና «እሺ» አለች። ከ«እናያለን» ሌላ ቃል ከአፏ ስሰማ ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

ቅዳሜ ዕለት አምበር ገበያ ሄደሽ አተር ግዢ፣ አያ ይርጋ ቤት እደሪ ብላ ላከችኝ። አያ ይርጋ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አምበር አጠገብ ያርሳሉ። ገበያው ላይ አተር ስዘግን፣ ሳሸት፣ ስከራከር ዋልኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ገና አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ አደይ አበባው የጠወለገበት ወቅት ነበር። ማታ ቤት ስደርስ አያ ይርጋ የሉም፤ ጠዋቱን ወደ ማርቆስ ሄደዋል። ባለቤታቸው ግን በሆነ ባልሆነው ፈገግ ይላሉ። ጎንበስ በይ አሉኝና ፀጉሬን በለጋ ቅቤ አረጠቡት። «ምንድን ነው እትዬ?» ስላቸው «ለነገ ነዋ» አሉኝ። ነገ ምን እንዳለ እሳቸው በምን አወቁ ብዬ ገረመኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። እንዲያውም የዳንኤልን ላፕቶፕ ቅቤ እንዳላስነካው እያልኩ ሰጋሁ።

እሁድ ጠዋት ያገኘሁት ሚኒባስ በየመንገዱ እየቆመ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር። ሰፈራችን ስደርስ የወጥ ሽታ ከአጥሩ ውጪ ተቀበለኝ። ግቢው ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። የበግ ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። አያ ይርጋ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከነከዘራቸው በራፉ ላይ ቆመዋል፣ እትዬ ብርቄ ወገቧን ታጥቃ ትሯሯጣለች። ከፊታቸው ጋሽ ሙላትና ፎቶ አንሺው ኮታቸውን ቆልፈው፣ ዳንኤል ከኋላቸው ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመዋል። ጋሽ ሙላት አንድ እግራቸውን አስገብተው አንዱን ውጪ አስቀርተው ደርቀዋል። አተሩን በጀርባዬ አዝዬ፣ ቅቤውን በግንባሬ እያወረድኩ ደረስኩና ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አየሁት። ጆንያው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወደቀ።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። «በዚህ መልክሽ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ?»

«እማዬ፣ ዳንኤል የመጣው እኮ ለዌብሳይቱ ነው!»

«ሽማግሌ ይዞ?»

«እኔ ነኝ ይዘህ ና ያልኩት። እንድታምኚው ብዬ።»

እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ያን ጊዜ ነው ከጀርባዋ ያለውን ያየሁት። በግድግዳው ልክ የተደረደረ፣ አፉ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ስንቅ፤ በርበሬው፣ ምጥን ሽሮው፣ ሚጥሚጣው፣ ድርቆሹ፣ በሶው። ይህ በአንድ ሳምንት የሚደርስ ሥራ አይደለም። ያውም አዲስ በርበሬ ገና ሰሌን ላይ ነው፤ የታሰረው የአምናው ነው።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው። ባዶ እጅሽን ላወጣሽ ነበር?»

መሳቅ ነበረብኝ፤ ንዴት ቀደመኝ። «አዲስ አበባ ልሂድ ስልሽ እናያለን። ለባል ሲሆን ግን ስንቄ ካምና ጀምሮ ተቋጥሮ ይጠብቃል?» ድምፄን ዝቅ ለማድረግ ስታገል እንባዬ መጣ። ከቅቤው ጋር ተቀላቅሎ ዓይኔን አቃጠለው።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። አልተቆጣችም። «ለባል ስሰጥሽ የማን ቤት እንደገባሽ አውቃለሁ» አለች። «ቢከፋሽ፣ ቢርብሽ ሁለት ሰው እልካለሁ። የላኳቸውን ቁጭ አድርጎ የሚሰማ በር አለ። አንቺ ግን ከዚያ ልጅ ሣጥን ውስጥ ልግባ ነው የምትዪኝ። ብትጠፊብኝ ሽማግሌ የምልከው ወዴት ነው?»

 እስከዚያ ቀን ድረስ የማትለቀኝ ሥራው እንዳይቀርባት ይመስለኝ ነበር። ለካ መላ ያጣችለት ነገር መንገዱ አልነበረም፤ መመለሻው ነበር።

እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እንዲህ ባለ ቀን የሴት ልጅ እናት ጓዳ ትሆናለች እንጂ ሽማግሌ ፊት ቆማ አትናገርም። እናቴ ተናገረች።

«እነዚህ ሰዎች የመጡት ልጄን ሊያጩ አይደለም፤ ለሥራ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

የዳንኤል ፊት ሰሌን ላይ የተሰጣውን በርበሬ መሰለ። «እኔ... ጋሽ ሙላት... እኔ እኮ...» አለ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከኮቱ ስር አወጣው፤ ለምስክርነት ይመስላል።

«እኔስ ከበሩ ላይ ገብቶኝ ነበር» አሉ ጋሽ ሙላት ላባቸውን እየጠረጉ። «ግን የወጡ ሽታ መጣና ምን ብዬ ልመለስ።»

አያ ይርጋ ግራ ተጋብተው እህታቸውን አዩ። «ታዲያ የታረደው በግስ?»

«ይበላል እንጂ አያ!» አለች እናቴ። «ቁጭ በሉ ሁላችሁም። ጉዳዩ ያው ነው፤ ይሄም ልጄን ከቤቴ የሚያስወጣ ነው። ለዚያ የሚጠየቀው ሁሉ ለዚህም ይጠየቅ።»

ተቀመጡ። ተበላ፣ ጠላው ተቀዳ። ከዚያ አያ ይርጋ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ለሠርግ የሚጠየቀውን በሙሉ ስለ ዌብሳይቱ ጠየቁ። ልጅቷ አዲስ አበባ የማን ቤት ታድራለች? ጋሽ ሙላት ጉለሌ ያለችው እህታቸው ቤቷ እንደምትቀበለኝ፣ ተያዥ እሳቸው እንደሚሆኑ ተናገሩ። ይህ ልጅ ሥራውን አጋምሶ አገሩ ቢገባስ? ዳንኤል ሳይጨርስ እንደማይሄድ በጋሽ ሙላት ፊት ቃል ገባ። እናቴ «ለማን ነው?» ብላ ሳትጠይቅ እንዴት ትመጥናለች? እዚህ ላይ ዳንኤል ትንሽ አሰበና ላፕቶፑን ከወጥ ሳህኖቹ መሀል ከፈተ። ማዘዣው ገጽ ላይ «ለማን ነው?» የሚል ባዶ ቦታ እናስገባለን፣ ሰው የሚበሉትን ሰዎች ሁሉ ይጽፍበታል አለ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «አራስ እንዳለች መጻፍ እንዳይረሱ» አለችው።

«የማይሆን ሽሮ የደረሰው ሰውስ?» አሉ አያ ይርጋ። «ለማን አቤት ይላል?»

«ኢሜይል ይጽፋል» አለ ዳንኤል።

«ይጻፍ። ከዚያስ? ዓይኑን እያየ ይቅርታ የሚለው ማን ነው?»

«ሁለት ሽማግሌ ይላክ» አለች እናቴ። «እዚህ፣ ወደ እኔ ቤት። በሬ አይዘጋም። እሱን ጻፍልኝ።» ዳንኤል ዞሮ አየኝ። ጻፈው አልኩት፤ በዚያ ሰዓት ምን ብትል እጽፍላት ነበር። ባዶ የከረሙት ሣጥኖች በዚያ ከሰዓት ሁሉም ሞሉ። «ስለ እኛ» የሚለውን እናቴ አልነካም ስላለች ጋሽ ሙላት በአስተማሪ አማርኛቸው ጻፉላት፤ እሷ ሳትሰማ።

ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ጫማዬን ላጠልቅ ምንም አልቀረኝም። አያ ይርጋ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። «ጥያቄያችሁን ሰምተናል። እንመካከርበታለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።» እንደ አገሩ ደንብ ልጅ ተጠይቆ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ልጅቷን ማቃለል ነው። ግን የሚመካከሩት ከማን ጋር ነው? ሁሉም እዚያው ነበሩ! ጋሽ ሙላት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «በጎ» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ አውቃለሁ። የኅዳር ነፋስ አቧራውን እያነሣ ይበትናል፤ እኔም አብሬው ከበር እስከ ጓዳ እመላለሳለሁ። የታጠበ ሰፌድ መልሼ አጥባለሁ። እናቴ እያየችኝ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ታፍናለች። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «እሺ» ተባለ፤ ጾም ገብቶ ስለነበር የቀረበው ያ ሽሮ ነው። ያ አፉ በነጭ ጨርቅ የታሰረ የሙሽራ ስንቅ አውቶቡሱ ላይ ተጫነልኝ። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ረዳቱ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና «ይህን ያህል በርበሬ የጫነው ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር። ሄድኩ።

ሥራው ተሳካ ለማለት እደፍራለሁ። ሰዎች «ለማን ነው?» የሚለው ቦታ ላይ ደብዳቤ የሚያህል ይጽፉ ነበር። ጥርሳቸው ስላለቀ አባት፣ ምግብ አልበላ ስላላት ነፍሰ ጡር። እናቴ በስልክ አስነብባኝ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ትመጥናለች። እኔ ግን አዲስ አበባ ደርሼም እግሬ አላረፈም፤ ሌላ ሰፈር ሌላ ቤት መክፈት አማረኝ። በዓል ሲመጣ ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል፤ የባልትና ሰው ግን ሥራው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ዓመቱም ዞሮ እንደገና አለፈ። እናቴ በስልክ አንድ ቀን ነይ ብላኝ አታውቅም። «ሥራሽን ሥሪ» ነው የምትለኝ።

ከዚያ አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ሱቄ በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆሙ። አያ ይርጋ ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል፤ ጋሽ ሙላት ያንኑ ኮት ለብሰዋል። ሌሊቱን ተነሥተው በአውቶቡስ መጥተው ነው። ደንግጬ ወንበር አቀረብኩ። ሰው ሞቶ የመጡ መስሎኝ ነበር።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ! ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው» አሉ አያ ይርጋ። «ግን የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።» ከዘራቸውን ፊታቸው አቁመው ቀጥ አሉ። «ከገጻችሁ ግርጌ ቅሬታ ያለው ሁለት ሽማግሌ ይላክ የሚል ተጽፏል። ቅሬታ ያላት ሴት ልካን ነው። ልጅ ልንጠይቅ መጣን።»

«የማንን ልጅ?»

«አንቺን።»

«ለማን?»

አያ ይርጋ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። የመለሱልኝ ጋሽ ሙላት ናቸው። «ለእናትሽ» አሉ።

 አንዲት ገዢ ሽሮዋን እንደያዘች ደርቃ ታየናለች። አያ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ደንቡን እናውቃለን» አሉ። «ተመካከሪበት። ሁለት ሳምንት ተመለሱ ብትዪን ቅር አይለንም።»

እኔ ጃንጥላዬን እየፈለግኩ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት እናቴን በራፍ ላይ ቆማ አገኘናት። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ከዚያ በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ ገፋ አደረገችኝና ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። «በመጀመሪያው ቀን እሺ አለች?» ብላ ጠየቀች። አዎ ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። «አይ ልጄ፣ ምን አጣደፈሽ? እንዲህ ተደርጎ ይሰጣል?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የወሩን እኩሌታ እዚህ፣ እኩሌታውን እዚያ ነኝ። ዳንኤል ቃሉን ጠብቆ ሥራውን ጨርሶ ሐዋሳ ገባ፤ አግብቶ ወልዷል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ለእናቴ ይደውላል። እትዬ ብርቄ እስከ ዛሬ «ያን የመሰለ ልጅ መለሰች» እያለች ታወራብኛለች። አላስተባብልም። አያ ይርጋና ጋሽ ሙላት ግን የሉም፤ በጠራ ቀን እንዲህ በረንዳ ላይ ስቀመጥ በጣም ይናፍቁኛል። እናቴ አለች። አሁንም እዚያ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በርበሬውን በዘንግ እያገላበጠች ነው። ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል፤ የምናወራውን የሰማች አትመስልም።

እረፍት ማጣት በሽታ ይመስለኝ ነበር፣ ወይም የወጣትነት ጥጋብ። አሁን እንደሱ አላስብም። እግር ያለው መሄዱ አይቀርም። እናቴ የፈራችው እግሬን አልነበረም፤ የፈራችው የሚላክበት በር መጥፋቱን ነው። እሱን ካገኘች በኋላ በገዛ እጇ ስንቄን አስጭና ሸኘችኝ።

የሶስና እግር ቆሟል። ታሪኩን ስነግራት መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። «እናትሽ የት ናት?» አልኳት። ጉንደ ወይን ናት አለችኝ፤ አዲስ አበባ እንደምትሄድ ገና አልነገረቻትም። ስትነግሪያት የምታርፊበትን ቤት አስቀድመሽ ንገሪያት አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ጣቷን ላፕቶፑ ላይ አድርጋ ያቺን መስመር እንደገና አየቻት።

«ታዲያ ትቆይ?»

«ትቆይ» አልኳት። «ግራዋው ተነቅሎ ግንብ ስለሆነ እሱን ብቻ አስተካክዪ።»

እናቴ ዘንጓን አቁማ ወደ እኛ ዞረች። ለካ ስትሰማ ነው የቆየችው።

«በሩ ያው ነው በያት» አለች።